የፋጡማ ትሪና አራተኛዋ ቫልቭ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ለማለት አፋችሁን የከፈታችሁ ዝጉት፤ እዚህ ላም የለችም። ያለችው ፍየል ናት፣ እሷም ጣሪያ ላይ ናት፣ ስንደርስባት ትደርሱባታላችሁ። «እሺ፣ ከዚያስ?» እያላችሁ ስሙኝ። ያንቀላፋ ካለ ከመጀመሪያው ነው የምደግመው፤ ኋላ ወቀሳ የለም።

ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጋሽ ስንሻው የሚባል የባቡር ቴሌግራፍ ጡረተኛ ነበር። እጁ ሥራ መፍታት አልሆንለት ቢለው ከውጭ አገር ፋብሪካ አንድ ካርቶን አስመጣ። ካርቶኑ ውስጥ የድሮ ዓይነት ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ነበር። ነበር ስላችሁ ገና አልነበረም፤ ብትንትኑ ነው የመጣው። ሽቦው ለብቻ፣ ብሎኑ ለብቻ፣ ትራንስፎርመሩ ለብቻ፣ ቫልቭ የሚባሉት አራት ጠርሙሶችም በጥጥ ተጠቅልለው ለብቻ። ቫልቭ ማለት አምፖል የሚመስል፣ ሲሞቅ ሆዱ ውስጥ ፍም የሚያሳይ፣ አያቶቻችን ራዲዮ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። እንግዲህ ራስህ ገጣጥመህ ራስህ ስማ ነው ነገሩ።

ጋሽ ስንሻው የፈለገው ትንሽ ነገር ነው። አንዲት ሸክላ መስማት፣ እሱንም አንድ ፊቷን ብቻ። እሱና ሚስቱ እትዬ አጸደ በተጋቡበት ምሽት በባቡር ሠራተኞች ክበብ የጨፈሩበት ዘፈን ነው ያለባት። የቤታቸው ማጫወቻ ሆዱ ከተቃጠለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሸክላዋ ትዞራለች፣ መርፌው ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። «አይዞሽ፣ አንድ ቀን አሰማሻለሁ» ብሏት ነበር። እሷም ሸክላዋን በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አወጣቻት።

ካርቶኑ ከመጣ ስምንት ወር ሞላ። ስምንት ወር ሙሉ የምግብ ጠረጴዛው የአምፕሊፋየሩ ሆነና ባልና ሚስት ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ። ሥራው እንዲህ የተጓተተው ደግሞ በከንቱ አይደለም። ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበት የአሉሚኒየም መደብ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ግን ጠፋ። ጋሽ ስንሻው ፋብሪካውን እስከ ሰባት ትውልዱ ረገመና ቤት ውስጥ ያገኘውን ልኩ የሆነ የሚያብረቀርቅ ትሪ አንስቶ፣ አንድ ወር ሙሉ በእጅ መሰርሰሪያ እየበሳ መደብ አደረገው። ትሪው ከሥሩ ሦስት ቀይ ነጥቦች ነበሩበት። ከሌላ ሰፈር እንግዳ በመጣ ቁጥር አምፕሊፋየሩን ገልበጥ ያደርግና «አያችሁ? ተራ ትሪ እንዳይመስላችሁ፤ የጥራት ማኅተም አለበት!» ይላል። እነዚያን ነጥቦች ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እትዬ አጸደ ባዶ ሳህኗን ከጭኗ አነሳችና ተነሳች።

«ስንሻው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁራሌው ይመጣል። እስከዚያ ከዘፈነልህ እሰየው። ካልዘፈነ ጠረጴዛዬን እፈልጋለሁ። ሽቦህንም፣ ጠርሙስህንም፣ ያቺን ሸክላም ጨምሬ ነው የማስረክበው!»

«ሸክላዋንም?» አለ ጋሽ ስንሻው።

«ሸክላዋንም! ሃያ ሁለት ዓመት ያልዘፈነች ሸክላ፣ ሸክላ አይደለችም፣ የድስት ክዳን ናት» ብላ ልትተኛ ጓዳ ገባች። ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት የማይተኙት ፀሐይና ጋሽ ስንሻው ብቻ ናቸው።

ጋሽ ስንሻው ሶኬቱን ሰካ። አንደኛዋ ቫልቭ በራች፣ ሁለተኛዋ በራች፣ ሦስተኛዋ በራች፤ አራተኛዋ ጨለማ። ሶኬቱን ነቅሎ ከሥር ቢያይ የአራተኛዋ ሽቦ ከእግሯ ተላቋል። የሚያስፈልገው አንዲት ጠብታ ሊድ ነው። ሊዱን የሚያቀልጥበትን መበየጃ ቢሰካ ደግሞ «ቱፍ!» አለና ጭሶ ሞተ። ጋሽ ስንሻው ራሱን ያዘ።

«ወይ ጉዴ! መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም፤ ሸክላዋ ካልዘፈነች ቁራሌው ደጅ ነው!»

ሮጠ። ከመንገዱ ማዶ ሙክታር የሚባል የራዲዮ ጠጋኝ አለ። «ሙክታር፣ መበየጃ አውሰኝ፣ ላንዲት ጠብታ ነው!»

«ሞልቷል አቦ!» አለ ሙክታር። «ግን እኔንም እይልኝ። ንፋሱ ዲሼን አዙሮብኝ ሰፈሩ ሁሉ ዐሥር ሰዓት ላይ ጨዋታ ሊያይ እኔ ጋ ይመጣል። ጣሪያ የምወጣበትን መሰላል ደግሞ እትዬ ብርቄ ተውሳኝ ቀረች። ሱቁን ጥዬ አልሄድ። መሰላሌን አምጣና መበየጃውን ውሰድ።»

ጋሽ ስንሻው ወደ እትዬ ብርቄ ቤት እየገሰገሰ ያነበንባል። «መሰላል ካልመጣ መበየጃ የለም፤ መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም፤ ሸክላዋ ካልዘፈነች ቁራሌው ደጅ ነው!»

እትዬ ብርቄ ደጇ ላይ ጥላ ይዛ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ቆርቆሮው ኳ! ኳ! ኳ! ይላል።

«መሰላሉን?» አለች። «እስቲ ቀና በል።»

ቀና ቢል ፍየል። ፍየል መሰላል ትወጣለች ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የእትዬ ብርቄ ትወጣለች። ስሟ እሜቴ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማችሁም?

«መሰላሉን ብሰጥህ እሜቴ እዚያው ልትቀር ነው» አለች እትዬ ብርቄ። «ወይ ትዘልና እግሯ ይሰበራል። እሷ ሳትወርድ መሰላል የለም፤ ወንድሜ ብትሆንም አልሰጥህ።»

ጋሽ ስንሻው ወደ ጣሪያው ዞረ። ድሬ ላይ እንኳን ለጎረቤት ለሹምም «አንቱ» ማለት አይቀናንም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። የቸገረው ግን ምን የማይለው አለ? «እሜቴ፣ እባክዎ ይውረዱ!» አለ። «እርስዎ ካልወረዱ መሰላል የለም፤ መሰላል ካልመጣ መበየጃ የለም፤ መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም፤ ሸክላዋ ካልዘፈነች ቁራሌው ደጅ ነው!»

«ምእእእ» አለች እሜቴ፤ ጀርባዋንም ሰጠችው።

«የሀብሀብ ልጣጭ ነው የምትለው» አለች እትዬ ብርቄ። «የሀብሀብ ልጣጭ ካልሸተታት አባቷ ቢለምናት አትወርድም።»

አሁን ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ነው። ጋሽ ስንሻው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ደጀኔ የሚባለው ሀብሀብ ሻጭ ጋሪውን ወደሚያቆምበት የኒም ዛፍ ደረሰ። ሀብሀቡ አልቋል። ልጣጩ በማዳበሪያ ሞልቶ ደጀኔ ላዩ ላይ ጉብ ብሎበታል።

«ደጀኔ፣ ልጄ፣ ልጣጭ! ልጣጭ ካልሸተታት ፍየል አትወርድም፤ ፍየል ካልወረደች መሰላል የለም፤ መሰላል ካልመጣ መበየጃ የለም፤ መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም፤ ሸክላዋ ካልዘፈነች…»

«…ቁራሌው ደጅ ነው» አለ ደጀኔ። «ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ከእትዬ ብርቄ ደጅ ጀምሮ እየጮህክ ነው የመጣኸው። ልጣጩን ውሰድ፣ ምን ይሠራልኛል። ግን ከጧት ጀምሮ የበላሁት ሀብሀብ ብቻ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ጎርፍ ነው ያለው። ጋሪዬን ጥዬ ብሄድ ደግሞ ፍየሎቹ ልጣጩን ይጨርሱብሃል። ሁለት ትኩስ ሳምቡሳ አምጣልኝ። የፋጡማን ግን! ዘይት የማይዘው የሷ ብቻ ነው።»

ፋጡማ የጋሽ ስንሻው የግድግዳ ጎረቤት ናት። ደጇ ላይ ምድጃ ዘርግታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ከጎኗ የተጠበሰው ተከምሮ ጫፉ አገጯ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጋሽ ስንሻው እያለከለከ ቆመ።

«ፋጡማ፣ ሁለት ሳምቡሳ! ሳምቡሳ ካልበላ ደጀኔ ልጣጭ አይሰጥም፤ ልጣጭ ካልሸተታት ፍየል አትወርድም፤ ፍየል ካልወረደች መሰላል የለም፤ መሰላል ካልመጣ መበየጃ የለም፤ መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም፤ ሸክላዋ ካልዘፈነች ቁራሌው ደጅ ነው!»

ፋጡማ ጭልፋዋን አንስታ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ለእናንተ ቤት ሳምቡሳ የለም።»

ጋሽ ስንሻው የሰማውን አላመነም። ከፋጡማ አፍ ክፉ ወጥቶ አያውቅማ!

«ስምንት ወር ዝም አልኩ፣ ዛሬስ በቃኝ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ትሪዬ የታለ? ለኢድ ሳምቡሳ ሞልቼ የላክሁላችሁ ትሪ፣ የሠርጌ ትሪ! ትሪዬ ካልመጣ አንዲት ፍርፋሪ አልሰጥህም።»

«አጸደ መልሳው የለም እንዴ?»

«ምን እንደመለሰችልኝ እሷን ጠይቃት!» ብላ ፊቷን ወደ ዘይቱ መለሰች።

ጋሽ ስንሻው ቤቱ ገባ። በጓዳው በር በኩል «አጸደ፣ የፋጡማን ትሪ መልሰሻል?» ቢል፣ «ያኔውኑ ነዋ!» የሚል የእንቅልፍ ድምፅ መጣ። «ባዶ ዕቃ አይመለስም ብዬ ዳቦ ጭኜበት! ያንተ ካርቶን የተከፈተ ቀን፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን እንደለበሰ…» ከዚያ ማንኮራፋት ሆነ።

ወረቀቱን እንደለበሰ? ትሪ ወረቀት ይለብሳል እንዴ? ጋሽ ስንሻው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አቀርቅሮ ከአምፕሊፋየሩ ሥር ሦስቱን ቀይ ነጥቦች አየ። ልብ ብሎ አየ። በጥፍሩ ፈቀፈቀው። የጥፍር ቀለም ነው! እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት የሄደ ዕቃ ከሰው ዕቃ እንዳይደባለቅ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ምልክት ታደርግበታለች። የፋጡማ ምልክት ሦስት ነጥብ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ስምንት ወር ሙሉ እየገለበጠ ለእንግዳ ሲያሳይ የከረመው ሰውዬ ብቻ ነው።

«ትሪዋ ካልመጣ ሳምቡሳ የለም» አለ በቀስታ፣ አሁን ጩኸቱ ጠፍቷል። «ሳምቡሳ ካልበላ ደጀኔ ልጣጭ አይሰጥም፤ ልጣጭ ካልሸተታት ፍየል አትወርድም፤ ፍየል ካልወረደች መሰላል የለም፤ መሰላል ካልመጣ መበየጃ የለም፤ መበየጃ ካልመጣ ቫልቯ አትበራም፤ ቫልቯ ካልበራች ሸክላዋ አትዘፍንም። ትሪው እንዲመጣ ግን አምፕሊፋየሩ መፍረስ አለበት። አምፕሊፋየሩ ከፈረሰ ደግሞ ሸክላዋ በምን ትዘፍናለች?»

ሰይጣንም ወዲያው መጣ፤ ሰይጣን እንዲህ ያለ ሰዓት አይቀርም። «ነጥቦቹን ፈቅፍቃቸው፤ ማን ያውቃል?» አለው። አንደኛዋን ነጥብ እስከ ግማሽ ፈቀፈቀ። ከዚያ ፋጡማ ያቀረረችው እንባ ትዝ አለውና እጁ አልታዘዝ አለው። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ፣ አምፕሊፋየሩን ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቀፈና ወጣ።

«ፋጡማ፣ ትሪሽ ይኸውልሽ» አለ፤ ከሥር አንስቶ ነጥቦቹን አሳያት።

ፋጡማ አፏን ከፍታ ቀረች። «ትሪዬ ላይ ምንድን ነው የተከልክበት? ጠርሙስ?» እጇን ሰደደች።

«አትንኪው! ይሄ ነገር ከተነቀለ በኋላም ቂም ይይዛል፣ ያነዝራል!»

«እኔስ አልያዝኩም መሰለህ?»

ጋሽ ስንሻው መሬት ላይ ተንበረከከና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ካቻቢቴው ሁለቴ አዳለጠው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ትሪሽን ልፈታልሽ። የኛው መስሎኝ ነው የበሳሁት፣ አላህን! ቀዳዳውን አስደፍንልሻለሁ።»

«ሸክላውስ?»

«ሸክላውማ… ይቅር እንግዲህ» አለ። «የሠርጋችን ዘፈን ነበር። ለአጸደ አንድ ቀን አሰማሻለሁ ብያት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባሌ ዋሾ ነው ብላ ትሙታ፣ ምን አደርጋለሁ።»

ፋጡማ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ከዚያ ድንገት የሳምቡሳውን ክምር በሁለት እጇ ጠርጋ ጨርቅ ላይ አፈሰሰችና ከሥሩ የነበረውን ነገር አንስታ አፍንጫው ሥር ደቀነችው። «እንግዲያ ይሄስ የማን ነው?»

በዘይት የወዛ አሉሚኒየም ነው። አራት ክብ ቀዳዳ፣ ለአራቱ ቫልቮች። አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን፣ ለትራንስፎርመሩ። ዙሪያውን ደቃቅ የብሎን ቀዳዳዎች። ስምንት ወር ሙሉ የተረገመው የፋብሪካ መደብ ሳምቡሳ ተሸክሞ ተገኘ!

«ዳቦውን ሳነሳ ወረቀት፣ ወረቀቱን ሳነሳ ወንፊት!» አለች ፋጡማ። «አጸደ ትሪዬን አስቀርታ አይጥ የበላው ትሪ ላከችብኝ ብዬ ሌሊቱን አለቀስኩ። ልጠይቃት እነሳለሁ፣ ይሉኝታ ይይዘኛል። በንዴት ትኩስ ሳምቡሳ ብወረውርበት ዘይቱ በቀዳዳው ወርዶ አለቀ! ይኸው ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ የፋጡማ ሳምቡሳ ዘይት አይዝም…» አልጨረሰችውም፣ ሳቅ አፈናት። ጋሽ ስንሻውም እንደተንበረከከ ሳቀ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ብሎንህን መልሰህ እሰር» አለች ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች። «እኔ ወንፊቴን አልሰጥም፣ አንተ ትሪዬን ያዝ። ግን አውሼህ ነው፣ ስጦታ አይደለም። ባዶ ዕቃ ደግሞ አይመለስም፤ በዘፈን ሞልተህ መልስልኝ። እዚህ ምድጃዬ ድረስ ካልሰማሁት መጥቼ ጠርሙሱን ሁሉ እነቅለዋለሁ!»

ወዲያው ሳምቡሳው በወረቀት ተጠቀለለ። ፋጡማ ሳምቡሳ ሰጠች፤ ደጀኔ ሳምቡሳውን ጎረሰና ልጣጩን ሰጠ፤ እሜቴ ልጣጩ ሸተታትና እንደ ወይዘሮ ደረጃ በደረጃ ወረደች፤ እትዬ ብርቄ መሰላሉን ለቀቀች፤ ሙክታር መሰላሉን ተቀብሎ መበየጃውን ሰጠ። ጋሽ ስንሻውም መበየጃውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አምፕሊፋየሩን ከፋጡማ ደጅ አንስቶ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ከደጁ ጩኸት ሰማ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እትዬ አጸደ በቁራሌው ድምፅ ነቅታ ብትወጣ ጠረጴዛዋ ባዶ ነው። ስምንት ወር የተመኘችው ባዶ ጠረጴዛ! ቁጭ ብላ አየችው። እጇን ዘረጋችበት። ቤቱም ባዶ ሆነባት፣ ሆዷም ባዶ ሆነባት። «ተስፋ አስቆርጬው አውጥቶ ሸጠው!» አለችና በባዶ እግሯ ሮጣ የቁራሌውን ማዳበሪያ አንቃ ያዘች።

«የባሌን አምፕሊፋየር መልስ!»

«እናቴ ሙች፣ እኔ ገና መድረሴ ነው!» ይላል ቁራሌው።

«መልስ! አራት ጠርሙስ ያለው! ሌሊት ሌሊት እየተነሳ አቧራውን በሸሚዙ የሚጠርገው! እኔ ለአፌ ነው እንጂ አስረክበዋለሁ ያልኩት ከልቤ ነው እንዴ?»

«አጸደ» አለ ጋሽ ስንሻው ከኋላዋ።

ዞር ብላ አየችው። ማዳበሪያውን ለቀቀች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። «የት አባትህ ሄደህ ነው?» አለች፤ ሌላ ምን ትበል።

ጋሽ ስንሻው ገባ፣ መበየጃውን ሰካ፣ አንዲት ጠብታ ሊድ ጠብ አደረገ። አንደኛዋ በራች። ሁለተኛዋ በራች። ሦስተኛዋ በራች። አራተኛዋ… ቆየች፣ ተግደረደረች፣ እሷም በራች! እትዬ አጸደ ወንበር ላይ ወጥታ ሸክላዋን አወረደች፣ ከነጠላው ፈትታ በሁለት እጇ ሰጠችው። መርፌው ተቀመጠ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያም ክራሩ ጀመረ። ድምፁ ቤቱን ሞላ፣ በመስኮት ወጣ፣ ግድግዳውን ተሻገረ። ቁራሌው ማዳበሪያውን አውርዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አጸደ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፣ ልክ እንደዚያ ምሽት።

ከግድግዳው ማዶ ጭልፋ ድስት መታና የፋጡማ ድምፅ መጣ። «ሞልቷል!»

እንግዲህ ትሪ ሞላ፤ ሳምቡሳ ተበላ፤ ልጣጭ ሸተተ፤ ፍየል ወረደች፤ መሰላል ተመለሰ፤ መበየጃ ተገኘ፤ ቫልቯ በራች፤ ሸክላዋ ዘፈነች፤ ቁራሌውም ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ ሄደ። ጠረጴዛው ግን እስከ ዛሬ የአምፕሊፋየሩ ነው። ያን ዕለት ማታም ባልና ሚስት ሸክላዋን አራት ጊዜ እየደጋገሙ፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ።

ተረቴ ይኸው፤ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፣ ሳምቡሳ ካለ አልጠላም። ብቻ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ የእኛ ነው የምትሉትን ትሪ ገልብጡና ሥሩን እዩት።